ውይይት ነው ወይስ ስብሰባ? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሰብአዊ መብትና ማኅበራዊ ፍትሕ ሲወራ

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ስሙን ልተወው፣ የሰብአዊ መብት ውይይት አለ ተብለን ሄድን። በሩ ላይ ባነር ተሰቅሏል። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ማለቴ የሊፍቱ ቦታ አለ፣ ሊፍቱ ነው የሌለው። ደረጃው ሥር በዊልቸር የሚንቀሳቀስ አንድ ተማሪ አለ። ጓደኞቹ «ተሸክመን እናውጣህ» ይሉታል፣ እሱ እምቢ ይላል። «እንደ ጆንያ ተሸክማችሁኝ ነው ስለ መብት የምሰማው?» አለ እየሳቀ፣ ሳቁ ግን ደስ አይልም። በመጨረሻ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጥያቄ ጽፎ ለአንዷ ጓደኛው ሰጣት። አንድ መስመር ነች፦ «እኔ ለምን እዚያ የለሁም?»

እንዲህ ያለ ውይይት አለ የሚል ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ሁለት ዓይነት አስተያየት ከሥሩ ይጎርፋል። አንዱ «ወሬ ምን ይሠራል?» ይላል። ሌላው «ፖለቲካ ነው፣ ራቁ» ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ግን ነገሩ ምን እንደሆነ በቅጡ ሳይታወቅ የሚባሉ ስለሆኑ እስቲ ከመጀመሪያው እንያዘው። የልጁን ወረቀትም እግረ መንገዳችንን ይዘን እንሂድ።

ሰብአዊ መብት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰው ስለሆናችሁ ብቻ ያላችሁ መብት ነው። መንግሥት በስጦታ የሰጣችሁ ስላልሆነ ሲቀየማችሁ መልሶ የሚወስደው ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫውን ሲያጸድቅ 48 አገሮች ደግፈው ድምፅ ሰጡ፣ 8 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመ አልነበረም። ከደገፉት አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በየዓመቱ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ግቢ ለግቢ ባነር የሚበዛውም ለዚህ ነው።

በእኛ አገር ሕግ መብቶቹ የተዘረዘሩት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው። ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ ግን በሁለት ከፍሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹን «አትንካኝ» እላቸዋለሁ። አታሰቃየኝ፣ ያለ ሕግ አትሰረኝ፣ አፌን አትዝጋ። እነዚህ ብዙ በጀት አይጠይቁም፣ በዋናነት እጅን መሰብሰብ ነው የሚጠይቁት። ሁለተኛዎቹ «ድረስልኝ» ናቸው። ትምህርት፣ ጤና፣ ሲቸግር ድጋፍ። እነዚህ ገንዘብ ይፈልጋሉ።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ባለሥልጣን ስለ «ድረስልኝ» ሲጠየቅ «አቅም ሲኖረን» ይላል፣ ጠያቂውም ዝም ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ግን መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። እየጨመረ የሚሄድ! ስለዚህ «ለምን ሁሉንም ዛሬ አላደረጋችሁም?» ብሎ መጠየቅ ሊያስቸግር ይችላል፣ «ከአምና ዘንድሮ ምን ጨመራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን አያስቸግርም። መልሱ ቁጥር ነው፣ ወይ አለ ወይ የለም።

ወደ ልጁ እንመለስ። ሊፍት የትኛው ነው? «ድረስልኝ» ይመስላል፣ ብር ያስወጣልና። ግን ዝም ብሎ የቸርነት ጉዳይ አይደለም። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ሆነው እንዲሠሩ አዟል። ስለዚህ ያ ሕንፃ «አቅም ሲኖረን» ከማለቱ በፊት ሲሠራ ማን አየው፣ ማን ፈረመለት የሚል ጥያቄ አለበት።

ማኅበራዊ ፍትሕስ? ያው አይደለም እንዴ?

ዘመድ ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ልዩነቱን ለማየት ቅርጫን አስቡ።

በሬው ይታረዳል። ሥጋው በመደብ በመደብ ይደለደላል፣ ከየብልቱ ለየመደቡ ይዳረሳል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ቢላዋ የያዘው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው አያውቅም፣ ለዚህ ነው ሽንጡን ለአንዱ፣ አጥንቱን ለሌላው ሳይል አስተካክሎ የሚመድበው። (አባቶቻችን ፍልስፍና ብለው ሳይጠሩት የሠሩት ነገር ይገርመኛል።)

በዚህ ውስጥ መብት ማለት የወጣላችሁን መደብ ማንም እንዳይነጥቃችሁ ነው። ማኅበራዊ ፍትሕ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ይጠይቃል። አመዳደቡ ራሱ ልክ ነው ወይ? አንዱ ዕጣው ሳይወጣ መደቡን አውቆት ነበር ወይ? ማዋጣት ያቃታት ጎረቤትስ? የማንንም መደብ ማንም አልነጠቀም፣ ግን እሷ በዓሉን የምትውለው ጦሟን ነው። ምሳሌው የሚጎድለው ነገር አለ እርግጥ። ቅርጫ ካልተስማማችሁ ትወጣላችሁ፣ ከአገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። ተወልዳችሁ ነው ራሳችሁን ውስጡ የምታገኙት።

ከታሪካችን አንድ ነገር ልጨምር። በንጉሡ ዘመን ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለማኞች እየተሰበሰቡ ሾላ ያለ ካምፕ ውስጥ ይታጎሩ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ተቃውመው ሰልፍ ወጡ፣ ጥያቄያቸውም «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» የሚል ነበር። ይህች አጭር ጥያቄ ሁለቱንም ይዛለች። ሰውን ያለ ጥፋቱ ማጎር የመብት ጥሰት ነው። እነዚያ ሰዎች መጀመሪያውኑ ለምን ለልመና ወጡ የሚለው ግን የማኅበራዊ ፍትሕ ጥያቄ ነው፣ የካምፑን በር በመክፈት ብቻ አይመለስም።

ታዲያ ውይይቱ ከተለመደው ስብሰባ በምን ይለያል?

ስብሰባን ሁላችንም እናውቃለን። የመክፈቻ ንግግር አለ። የክብር እንግዳው ዘግይተው ይመጣሉ፣ ተናግረው «ለሌላ አስቸኳይ ጉዳይ» ይወጣሉ። ፓወርፖይንት ይነበባል፣ ቃል በቃል። ሻይ። ከዚያ «ሰዓቱ ስለገፋ ሦስት ጥያቄ ብቻ» ይባላል። አንደኛው ጠያቂ አዘጋጆቹን ያመሰግናል፣ ሁለተኛው የራሱን ንግግር ያደርጋል፣ ሦስተኛው ሊጠይቅ ሲል ማይኩ ይጠፋል። «ግንዛቤ ማስጨበጫ» የሚባለው ደግሞ ከስሙ ጀምሮ ግንዛቤ የሌላችሁ እናንተ ናችሁ ብሎ የደመደመ ነው።

ውይይት የሚለየው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ጥያቄው ላይ። ተናጋሪው ያላዘጋጀው ነገር ሊጠየቅ ይችላል ወይ? ከቻለ ውይይት ነው። ካልቻለ ባነሩ ላይ ምንም ይጻፍ ምን ስብሰባ ነው። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ዋናው ሰው ተናጋሪው ሳይሆን አወያዩ ነው። ንግግር ሲረዝም የሚያቋርጥ፣ ከኋላ የተቀመጡትን የሚያይ፣ ሲጋጋል የሚያበርድ እሱ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። እስኪይዙት ድረስ።

መልኩ ብዙ ነው። ሦስት አራት ሰው መድረክ ላይ ተቀምጦ የሚነጋገርበት ፓናል አለ። ፊልም ታይቶ የሚወራበት አለ። ምስለ ችሎትም አለ። ተማሪዎች በልብ ወለድ ጉዳይ ላይ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው በዳኞች ፊት ይከራከራሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እንዲህ ያለ ውድድር ለተማሪዎች ያዘጋጃል። እኔ ምስለ ችሎትን እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ተማሪው የማያምንበትን ወገን ጭምር ቆሞ መከራከር አለበት። ድሮ «በላ ልበልሃ» ተባብለው በአንደበት ይሟገቱ የነበሩት አያቶቻችን ቢያዩት አይገርማቸውም ነበር።

ሌላ የሚምታታ ነገር አለ፣ ምክክር። ምክክር ላይ ውሳኔ የሚሰጥ አካል አለ፣ ከመወሰኑ በፊት ነው ሐሳባችሁን የሚጠይቀው። ያለፉ በደሎች እንዴት ይታዩ የሚለውን የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2016 ላይ ከማጽደቁ በፊት በየክልሉ የተደረጉት መድረኮች ምክክር ነበሩ። ውይይት ላይ ግን የሚወስን የለም። ይህ ድክመቱ ነው፣ ጥንካሬውም ይኸው ነው። ማንም ስለማይወስን ማንም ሐሳቡን ለመለወጥ ቃለ ጉባኤ መጠበቅ የለበትም።

ለምን ዩኒቨርሲቲ? ቀበሌ አይሆንም?

ይሆናል፣ ሆኖም ያውቃል። ግን ዩኒቨርሲቲ የራሱ ታሪክ አለው፣ በተለይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ስድስት ኪሎ ግቢ።

ግቢው ቤተ መንግሥት ነበር፣ ገነተ ልዑል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት ሲሰጥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጭፍጨፋ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ሐውልት ይናገራል። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በግቢው ውስጥ ደም ፈሰሰ፣ በ1954 ንጉሡ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። የሚገርመው የተባበሩት መንግሥታት የማኅበራዊ ፍትሕ ቀን ብሎ የሰየመው ፌብሩዋሪ 20 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ የካቲት 13 ላይ ይውላል። የሰማዕታቱ ማግስት ማለት ነው። ማንም አስቦት ያደረገው አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። በየካቲት 1957 ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሄዱ። ከሰልፉ በፊት ጭሰኛ ማለት ማን ነው፣ ስንት ይከፍላል፣ ለምን ይነቀላል የሚለው በየክፍሉና በየመኝታ ቤቱ ሲወራ የከረመ ነገር ነው። ኅዳር 1962 ላይ ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ያቀረበው ጽሑፍም ከተማሪ ክርክር የወጣ ነው፣ እስካሁን የሚወደውም የሚረግመውም አላጣም። ዩኒቨርሲቲ ከሌላው ቦታ የሚለየው ከየአቅጣጫው የመጣ ወጣት አንድ ዶርም ውስጥ ስለሚያድር ነው። የባሌው ልጅ ከጎንደሩ ጋር አንድ ክፍል ይተኛል፣ አንድ ካፌ ይሰለፋል፣ አንዱ የሌላውን አገር በደል ከአፉ ይሰማል።

አደጋ የለውም?

አለው። ይህን መደበቅ አይገባም።

መጋቢት 30 ቀን 1993 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ በተለምዶ ኢሰመጉ፣ ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ አካዳሚክ ነፃነት ለተማሪዎች ውይይት አዘጋጀ። ከተናጋሪዎቹ መካከል ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ነበሩ። በማግስቱ ገደማ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄ ማንሳት ጀመሩ። የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ማኅበራችን ነፃ ይሁን፣ ጋዜጣችን ይመለስልን። ፖሊስ ግቢ ገብቶ ተማሪ ደበደበ። በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ነገሩ ከግቢ ወጥቶ ከተማ ገባ፣ ከ30 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ሚያዝያ 30 ሁለቱ ምሁራን ተማሪ አነሳስታችኋል ተብለው ታሰሩ፣ ከወር ገደማ በኋላ በዋስ ተለቀቁ።

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ውይይቱ ነው ያነሳሳቸው አለ። ግን የተማሪዎቹን ጥያቄዎች መልሳችሁ እዩዋቸው። ማኅበርና ጋዜጣ ናቸው። ውይይቱ ከመደረጉ በፊት የነበሩ፣ ለረጅም ጊዜ ሰሚ ያጡ ጥያቄዎች። ድስት ሲገነፍል ክዳኑን ያነሳውን ሰው መክሰስ ይቻላል። ከሥር ያለውን እሳት ግን እሱ አልለኮሰውም።

ሕጉ ምን ይፈቅዳል? ምን ይከለክላል?

አንቀጽ 29 ሐሳብን መግለጽን፣ አንቀጽ 30 ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብን ያረጋግጣል። አንቀጽ 29 ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሐሳብን የሚገድብ ሕግ ሊወጣ ይችላል፣ ግን የተገለጸው አስተሳሰብ ይዘትና ሊያስከትል የሚችለው ውጤት ለመገደብ ምክንያት መሆን የለበትም ይላል። በቀላሉ፣ «ሐሳብህ አልጣመኝም» ምክንያት አይሆንም። የጦርነት ቅስቀሳና የሰውን ክብር የሚነካ ንግግር ግን አይፈቀድም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ደግሞ ለዩኒቨርሲቲዎች የአካዳሚክ ነፃነትን ያውቅላቸዋል።

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 ብዙ ተናጋሪ ያስፈራል። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ማነሳሳት ያስቀጣል። ግን አዋጁ ራሱ ለአካዳሚክ ጥናት፣ ለዜና፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት መውጫ በር ትቷል። «እነዚህ ሰዎች ይጥፉ» ማለትና «እነዚህ ሰዎች ላይ ጥላቻ እንዴት ተሰበከ?» ብሎ ማጥናት በሕጉ አንድ አይደሉም።

ፈቃድስ? ለሰላማዊ ሰልፍና ለሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ያለው ሕግ የ1983ቱ አዋጅ ቁጥር 3 ነው። የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። ማሳወቅ! በአነጋገራችን ግን «ፈቃድ» ሆኗል፣ በተግባርም እንደዚያው። ግቢ ውስጥ ላለ ውይይት ደግሞ ትልቁ በር ጠባቂ አዳራሽ የሚሰጠው ቢሮ ነው። ማንም አልከለከለም፣ አዳራሹ «ተይዟል» ብቻ።

እሺ፣ ከተወራ በኋላ ምን ይለወጣል?

ብዙ ጊዜ ወዲያው ምንም። ውይይት ፍርድ ቤት አይደለም። የተበደለ ሰው ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽኑ ወይም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ማመልከት፣ ወይም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ አለበት። ኮሚሽኑም ይመረምራል፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም።

ውይይት የሚሠራው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። «በደሉኝ» ብሎ የገባ ሰው ስሙ ምን እንደሆነና ማን እንደሚጠየቅበት አውቆ ይወጣል። ድሮ መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ቀጥ ይሉ ነበር፣ ቃሉን ሁሉም ስለሚያውቀው ነው የሚሠራው። የመብት ቋንቋም ሁሉም ሲያውቀው ነው የሚያስቆመው።

ጊዜ ደግሞ ይፈልጋል። ከየካቲት 1957ቱ ሰልፍ የገጠር መሬት አዋጅ እስከወጣበት እስከ የካቲት 1967 ድረስ አሥር ዓመት ነው። ያውም ወሬው ብቻ አይደለም ያመጣው፣ በመሃል ረሃብ ነበረ፣ አብዮት ነበረ። ጥያቄውን ካነሱት ልጆች ብዙዎቹ ደግሞ በቀይ ሽብር አልቀዋል። ይህን እያወቅን «ወሬ ምን ይሠራል?» ለሚለው ሰው አጭር መልስ የለኝም።

አዳራሽ ስንገባ ምን እናድርግ?

ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ግቡ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ይሁን። ታሪካችሁን ከተናገራችሁ በስተመጨረሻ ማን እንዲመልስ እንደምትፈልጉ ንገሩ፣ አለዚያ «ጥሩ አስተያየት ነው» ተብሎ ይታለፋል። የሌላ ሰው ጉዳይ ከሆነ ሳታስፈቅዱ ስሙን አትጥሩ። ቀረጻ ካለ ቀድማችሁ እወቁ። ከሁሉም በላይ ማን እንዳልመጣ ዙሪያችሁን እዩ። የምሽት ከሆነ ሴቶቹ ወደ ዶርም እንዴት ይመለሳሉ? በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ የግቢው የጽዳት ሠራተኞችና ጥበቃዎች ገብተው ምን ይሰማሉ? መስማት ለተሳናቸው አስተርጓሚ አለ?

ያን ቀን ልጅቷ ወረቀቱን አነበበችው። አዳራሹ ለትንሽ ጊዜ ጭጭ አለ። መድረክ ላይ ከነበሩት አንዱ መልስ ሊጀምር ሲል አወያይዋ «ይቅርታ፣ መጀመሪያ ሁላችንም እንውረድ» አለች። ሰዉ አጉረመረመ፣ ወንበር ተንጓጓ፣ ግን ወረድን። የቀረው ውይይት ደረጃው ሥር፣ ያለ ማይክ፣ ግማሹ ቆሞ ግማሹ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ተካሄደ። ልጁም የሕንፃውን አዋጅ ከእኛ ሁሉ በተሻለ እንደሚያውቀው ታየ። በሚቀጥለው ዓመት አዳራሹ ምድር ቤት ሆነ። ሊፍቱን እስካሁን አላየሁትም።